ትልቅ ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ፦ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚነሡ

ከመተማ ዮሐንስ፣ ከገንዳ ውሃ፣ ከኮኪት ወይም ከቋራ ገለጉ ተነሥታችሁ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚኖር ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ካሰባችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። የምናወራው ስለ ጨቅላ አይደለም። ሰባት፣ አሥር ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ስለሞላው፣ እናቱን ወይም አያቱን ስለሚያስታውስ፣ ክፍል ስለሚቆጥር፣ «አልሄድም» ማለት ስለሚችል ልጅ ነው። ማሳደጊያ በር ላይ የሚቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሕፃን ነው። ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን እየሸኙ ይቀራሉ።

ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ፍርድ ቤቱ ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚል ነው። እንደ ከተማውና እንደ ፋይሉ ይለያያል። ለትልቅ ልጅ ግን ረጅሙ ጊዜ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ልጁ እናንተን አይቶ፣ ፈትኖ፣ ጠይቆ እስኪያምን ያለው ጊዜ ነው። ፋይሉን ልጁ በሚለምዳችሁ ልክ አራምዱት እንጂ ልጁን በፋይሉ ፍጥነት አትጎትቱት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

1. ሕጉ እናንተን ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜው ከ25 ዓመት እንዳያንስ ይጠይቃል። ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉ ከሁለቱ የአንዳቸው ዕድሜ መሙላት ይበቃል፤ ስምምነቱ ግን የሁለቱም መሆን አለበት። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን ይኖርበታል። የአማራ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይባላል። ልጁ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ የሚጠቀሰው የፌዴራሉ ሕግ ነው። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ከሆነ የክልሉን አንቀጾች አስነብቡ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካነሳችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት፤ ገና ምንም ሳትፈርሙ እዚያ ጎራ በሉ።

ባልና ሚስት አንዳቸው ብቻ ፈልገው ሌላው «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ያለበት ቤት ገና አልተዘጋጀም። ጨቅላ የአባወራውን ልብ እያደር ያሸንፍ ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደፈለገው፣ ማን እንዳልፈለገው ያውቃል።

ከመካከላችሁ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ካለ ያንን በመጀመሪያው ቀን ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ የሚወስዱበትን በር ዘግቷል። ስለዚህ «እህቴ አሜሪካ ናት፤ እኔ በስሜ ላድርግና ቆይታ ትወስደዋለች» የሚለው ሐሳብ ፍርድ ቤትን ማታለል ነው። ልጁም በእናንተ ስም ተጽፎ፣ በሌላ ሰው ቃል ተንጠልጥሎ፣ ቪዛ ሲጠብቅ ያድጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም ነገር አለ። የሟች ወንድማችሁን ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ በቃል ብቻ ተቀብላችሁ ለዓመታት ያሳደጋችሁ ከሆነ፣ አገር ምድሩ ልጃችሁ ነው ቢልም፣ በሕግ ፊት ጉዲፈቻ ሆኖ የሚጸናው ፍርድ ቤት ያጸደቀው ነው። እናንተ ስታልፉ ያ ልጅ ከቤት የሚወጣበትን ቀን ወረቀቱ ይከለክላል። አዲስ ልጅ ከመፈለጋችሁ በፊት በቤት ያለውን ጨርሱ።

2. የማይወሰደውን ልጅ ለዩ

በቆላው ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

መተማ ድንበር ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት የተነሣ በገላባት በኩል ብዙ ሰው ተሻግሯል፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፍቶ ነበር። በዚያ መካከል ከወላጁ የተለየ ልጅ ታያላችሁ። ልባችሁ ቢነካም ያ ልጅ ለጉዲፈቻ የተዘጋጀ አይደለም። እናቱ ገዳሪፍ ልትሆን ትችላለች፤ አባቱ በሌላ ኬላ ገብቶ ልጁን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አሠራር በአደጋ ወቅት የተለያየ ልጅ ቤተሰቡ ይገኝ ይሆናል የሚል ተስፋ እስካለ ድረስ በጉዲፈቻ እንዳይሰጥ ይላል፤ ፍለጋውም በተለምዶ ቢያንስ 2 ዓመት ይጠበቅለታል። እንዲህ ያለ ልጅ ካገኛችሁ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት አሳውቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፋ ቤተሰብ ያፈላልጋልና እዚያም ይመዝገብ። ሳታሳውቁ ቤታችሁ ብታስገቡት ደግ ሠርታችሁ ሳለ ልጁን ከሚፈልጉት ሰዎች ደብቃችሁታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር ልጅ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ከእርሱ ጋር ወይም ከእርሱ ተከትሎ የሚወርድ ልጅም አለ። «ወላጅ የለኝም» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አንዳንዱ ከእንጀራ አባት ሸሽቶ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ሱዳን ሊሻገር መንገድ እየጠበቀ ነው። ቤተሰቡን የማጣራት ሥራ የእናንተ አይደለም፤ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ነው። ማጣራቱ ካልቀደመ የሚፈረመው ማንኛውም ወረቀት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው በደላላ የሚመጣ ልጅ ነው። «አንዲት ሴት ልጇን ልትሰጥ ትፈልጋለች፤ ለእርሷም ትንሽ ነገር ታደርጉላታላችሁ» የሚል ሰው በመጣ ጊዜ ንግግሩን እዚያው ቁረጡት። በዚህ ድንበር በሰው የሚነግዱ ሰዎች እንዳሉ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣውም ለእንዲህ ያለው ነው። ሕጋዊ ጉዲፈቻ የልጅ ዋጋ የለውም። የፎቶ ኮፒ፣ የትራንስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የፍርድ ቤት ወጪ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ለእነዚህም ደረሰኝ ጠይቁ።

አራተኛው እናንተን የሚመለከት ነው። ፍላጎታችሁ ከብት የሚጠብቅ፣ ሱቅ ላይ የሚቆም ወይም ወጥ የሚሠራ ሰው ከሆነ ሠራተኛ ቅጠሩ። ትልቅ ልጅ ፈላጊ በሆነ ሰው ላይ ማኅበራዊ ሠራተኞች የሚያድርባቸው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ይኸው ነው፤ ልክም ናቸው።

3. ከገዛ ወረዳችሁ ጀምሩ

ጎንደር ከመሄዳችሁ በፊት የምትኖሩበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ ቤታችሁ ጥናት ሠርቶ ሊጽፍላችሁ ይገባል። ማሳደጊያው እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያምነው ያንን ጥናት ነው። ከአካባቢያችሁ ሳትጀምሩ በቀጥታ ከሄዳችሁ ተመልሳችሁ ትላካላችሁ፤ ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት ማስረጃዎች የሚታወቁ ናቸው፤ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሚመሰክሩላችሁ ሰዎች፣ የገቢ ማስረጃ። ቆላ ላይ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው። ነጋዴ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያቀርባል። ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተሩንና የሰሊጥ ወይም የጥጥ ሽያጭ ደረሰኙን ይዞ ይቅረብ። ሰሊጥ አንድ ዓመት ያነሣል፣ አንድ ዓመት ይጥላል። የጥሩውን ዓመት ደረሰኝ ብቻ መርጣችሁ አታቅርቡ። ምርት በጠፋበት ዓመት ቤታችሁ በምን እንደኖረ ብትነግሯቸው ለጥናቱ የበለጠ ይጠቅማል።

ጥናቱ ሲሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቤታችሁን ታያለች። ቤቱ ሀብታም እንዲሆን አትጠብቅም። ልጁ የት ይተኛል? ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? እናንተ ለአጨዳ እርሻ ካምፕ ስትወርዱ ከማን ጋር ያድራል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ቀድማችሁ መልሱት። ከመስከረም እስከ ኅዳር እርሻ ላይ የሚከርም አባወራ፣ ልጁን ከተማ የሚይዝለት የታወቀ ሰው ከሌለው፣ ዘንድሮ አይጀምር። የራሳችሁ ልጆች ካሉም እነርሱን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ አልጋቸውንና እናታቸውን የሚጋሩት እነርሱ ናቸው።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ልትመጣ ስትል አዲስ ፍራሽ ከጎረቤት የሚዋስ ሰው አለ። አታድርጉት፤ ልጁ ሲመጣ ፍራሹ አይኖርም።

4. ማሳደጊያውን ስትደርሱ ፋይሉን ጠይቁ

ሕጋዊ ፈቃድ ያለውን ማሳደጊያ በወረዳችሁ ወይም በዞኑ መምሪያ በኩል አጣሩ። በጎንደርና በባሕር ዳር ያሉትን ከእነርሱ ትሰማላችሁ። አዲስ አበባ ከሆነ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው አሉ፤ ክበበ ፀሐይ ትንንሾቹን ይይዛል፤ ከፍ ያሉ ሴቶች ልጆች ቀጨኔ፣ ወንዶች ደግሞ ኮልፌ ይኖራሉ። ትልቅ ልጅ ፈላጊ ስለሆናችሁ የእናንተ መንገድ ወደ ኋለኞቹ ሁለቱ ነው።

ልጆች ተሰልፈው እንዲታዩ አትጠይቁ። ፈቃደኛ የሆነ ኃላፊ እንኳ ብታገኙ እናንተ እምቢ በሉ። አሥር ልጅ አይታችሁ አንዱን ስትጠሩ ዘጠኙ ምን እንደተፈጸመ ይገባቸዋል። ትክክለኛው መንገድ የምትችሉትን መናገር ነው፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሁለት ወንድማማች መቀበል ትችሉ እንደሆነ፣ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ልጅ ማሳደግ ትችሉ እንደሆነ። ከዚያ ሠራተኞቹ የሚያውቁትን ልጅ ያስባሉ።

ልጁን ከማየታችሁ በፊት ፋይሉ ይነበብላችሁ። ማን አመጣው? ከየት? ወላጆቹ ሞተዋል የተባለው በምን ማስረጃ ነው? ቤተሰቡን ለማግኘት ምን ተሞክሯል? ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ አክስት አለው? የሚጠይቀው ሰው ይመጣል? ከዚህ በፊት ሌላ ቤተሰብ ወስዶ መልሶታል? ሕመም፣ ጉዳት፣ መደፈር ወይም ድብደባ ደርሶበታል? ስንተኛ ክፍል ነው? አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? ከእነዚህ አንዱን የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ጠብቁ። የአያት መኖር ፋይሉ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም ካላነጋገራት፣ አያቲቱ እስክትጠየቅ ድረስ ሁሉም ይቁም።

ወንድማማች አትለያዩ። «ለጊዜው ትልቁን፣ ቀጥሎ ትንሹን» የሚባለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ክፍል የለውም። ሁለቱን የማትችሉ ከሆነ ወንድም የሌለውን ልጅ ተዋወቁ።

የዞኑ መምሪያ ወይም ማሳደጊያው በጊዜያዊነት የአደራ ቤተሰብ እንድትሆኑ ቢያቀርብላችሁ በጥሞና አስቡበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን ከዘመዱ ጋር መልሶ ማገናኘትን፣ በማኅበረሰብ ውስጥ መደገፍን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና ማሳደጊያን ለይቶ ያስቀምጣል። ለትልቅ ልጅ በአደራ መጀመር ጉዲፈቻን ከማዘግየት ይልቅ ያበስለዋል።

5. ትውውቁን አታቻኩሉ

የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን። «እናትህ ልሆን ነው የመጣሁት» አትበሉት። ስማችሁን ንገሩት፣ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት፣ እርሱ የሚያሳያችሁን እዩ። ከረሜላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለሁሉም ልጆች በቂ ይሁን፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የምትሰጡት ጫማ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ያስደበድበዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ የቤታችሁን፣ የሰፈራችሁን፣ የትምህርት ቤቱን ፎቶ አሳዩት። የማትኮሩበትን ነገርም ተናገሩ። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እንጀራው ብዙውን ጊዜ የማሽላ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ውኃ በተራ ነው። ጎንደርን የለመደ ልጅ ይህን ከእናንተ አፍ ቢሰማ፣ መጥቶ ሲያየው የዋሸው ሰው አይኖርም። ሰሊጡን፣ ግመሎቹን፣ በገበያ የሚሰማውን አረብኛም ንገሩት፤ ልጅ የሚማርከውን አስቀድማችሁ አታውቁም።

ስንት ጊዜ መሄድ ይገባል? ቁጥር አልሰጣችሁም፤ ምልክቱን ግን እነግራችኋለሁ። ልጁ እናንተን መጠየቅ ሲጀምር («ውሻ አላችሁ?»፣ «ባጥፋ ትመቱኛላችሁ?»፣ «ታናሽ እህቴን ብታገኙ ትወስዷታላችሁ?») ትውውቁ ተጀምሯል። በሁሉም ነገር «እሺ» የሚል፣ የሚስቅ፣ የሚታዘዝ ልጅ ገና አልተዋወቃችሁም፤ እንዲመረጥ የተማረውን እየሠራ ነው። በሁለት ጉብኝት መካከል በተቀጠረ ሰዓት ደውሉለት። ቅዳሜ ብላችሁ ከሆነ ቅዳሜ ይሁን። ኔትወርክ እንደሚቋረጥ ስለምታውቁ ለሞግዚቷ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ካልደወላችሁ ረስታችሁት እንዳልሆነ ታስረዳዋለች።

ማሳደጊያው ከፈቀደ በጥር የትምህርት እረፍት ቤታችሁን መጥቶ ይይ። ወሩ ለቆላ የሚቻል ነው፤ ሙቀቱ አልበረታም፣ አጨዳው አልቋል፣ የወባው ወቅት ቀንሷል። ይህ ጉብኝት ነው፤ ዘመድ አዝማድ ጠርታችሁ ድግስ አትደግሱ። መመለሻው ቀን የታወቀ ይሁን፣ መልሳችሁም አድርሱት። ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛው ልጁን ለብቻው፣ እናንተ በሌላችሁበት፣ ይጠይቀው። «አልፈልግም» ካለ ስድብ አይደለም። ጊዜ ስጡት፤ ደግሞ እንቢ ካለም ተቀበሉት።

ሃይማኖትን እዚሁ ላይ አንሡ። የተጠመቀን ልጅ መስጊድ ወይም የሚሰግድን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ለመውሰድ አስባችሁ ከሆነ ለእርሱም ለማሳደጊያውም ተናገሩ፤ በኔ አስተያየት የልጁን ሃይማኖት የሚጋራ ቤተሰብ ቢፈለግለት ይሻላል። ሙስሊም ቤተሰቦች የዘር ስምና የውርስ ነገር ስለሚያሳስባቸው ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ልጁን በወላጅ አባቱ ስም እያስጠሩ ማሳደግ ብዙዎቹን የሚያስማማ መንገድ ነው።

6. ውሉና ችሎቱ

ጉዲፈቻ በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ልጁ ማሳደጊያ ውስጥ ከሆነ ማሳደጊያው ይፈርማል፤ አስቀድሞም ስለ ልጁ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በቂ መረጃ መስጠት አለበት። የምትፈርሙት ውል ግን ፍርድ ቤት እስኪያጸድቀው ድረስ አይጸናም። ውል ፈርመናል ብላችሁ ልጁን ጭናችሁ አትምጡ።

ዳኛው የሚመዝነው ለልጁ ይበጃል ወይ የሚለውን ነው። የልጁን ሐሳብ ይሰማል፤ የማሳደግ አቅማችሁን ያያል። ልጁን መልስ አታስጠኑት። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ የተጠናን ነገር ሲናገር ያስታውቃል፤ ችሎቱም ይጠራጠራል። ከዚያ ይልቅ ችሎት ምን እንደሚመስል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የሚመስለውን ቢናገር ማንም እንደማይቆጣው ንገሩት።

ፍርዱ ሲሰጥ ልጁ በሕግ እንደ ወለዳችሁት ልጅ ይቆጠራል፤ ውርስም ይገባዋል። በፌዴራሉ ሕግ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስርም አይቋረጥም፤ ምርጫ ማድረግ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ስለዚህ አያቱን መጠየቁ፣ ለወንድሙ መደወሉ ከእናንተ መሸሽ ተደርጎ አይታይ። ጉዲፈቻ እንዲሁ ሲሰለች የሚፈርስም አይደለም። ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅም ብሎ ለብልግና ካሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካኖረው ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

የልጁን የራሱን ስም አትለውጡ። የአባት ስም ጉዳይ ከልጁ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ከዳኛውም ምክር ጠይቃችሁ የሚወሰን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራበት የኖረውን ስም ማንሣት ግን ምንም አይጠቅማችሁም።

ከችሎት ስትወጡ የፍርዱን ግልባጭ በማኅተም አስወጡ፤ ከአንድ በላይ ይሁን። ፎቶ ኮፒውን ለመንገድ፣ ዋናውን ለቤት።

7. ጉዞው

ልጁ የሚሰናበትበት ቀን ይኑረው። ጓደኞቹን፣ ሞግዚቷን፣ መምህሩን ይሰናበት። አሮጌ ልብሱን ጥላችሁ በአዲስ አታስወጡት፤ የሚወደው ቦርሳ ቢቀደድም አብሮ ይምጣ። ከማሳደጊያው የትምህርት መልቀቂያውን፣ የውጤት ካርዱን፣ የክትባትና የሕክምና ማስረጃውን፣ ያሉትን ፎቶዎች በሙሉ ተቀበሉ። የሕፃንነት ፎቶው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ከሆነ መንገዱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ጎንደር ላይ እደሩ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል አድርጋችሁ ወደ ገንዳ ውሃ ከመውረዳችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ጠዋት ከመናኸሪያ ሹፌሮችና ከዘመድ አጣሩ። መንገዱ አያስኬድም ከተባለ ጎንደር ሰንብቱ። በጨለማ አትጓዙ። ክረምት ከሆነ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባው ጥቁር አፈር መኪና ይይዛል፤ ዝናቡ ጋብ እስኪል ከተማ ተቀመጡ።

ኬላ ላይ ትጠየቃላችሁ። ይህ የሕገ ወጥ ዝውውር መንገድ ስለሆነ ወደ ድንበር የሚወርድ፣ አብረውት ያሉትን ሰዎች «ጋሼ» እና «እትዬ» እያለ የሚጠራ ልጅ ያየ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ሥራውን ነው የሠራው። አትቆጡ፤ የፍርዱን ግልባጭና መታወቂያችሁን ስጡ። ልጁም ቢጠየቅ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። መተማ ዮሐንስ ከገባችሁ በኋላ ገላባትን ለማሳየት ብላችሁ ልጁን ድልድዩን አታሻግሩት።

8. የቆላ ሕመም

ከደጋ የመጣ ልጅ ሰውነቱ ወባን አይለምድም። ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ በተነከረ አጎበር ሥር ይተኛ፤ በሙቀት ውጭ የምታድሩ ከሆነም አጎበሩ አብሮ ይውጣ። ትኩሳት ሲጀምረው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ አድርሱት። «መንገዱ ነው፣ ለአየሩ አዲስ ሆኖ ነው» እያላችሁ አታሳድሩ። የወባው ብርቱ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እናንተም እርሻ ላይ የምትሆኑት ያን ጊዜ ነው። ልጁን የሚይዘው ሰው ይህን ይወቅ።

ሌላው የቆላ ሕመም ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ በጥቁር አፈር ስንጥቅ፣ በግራር ሥርና በምስጥ ኩይሳ አካባቢ ይኖራል፤ የሚነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ልጁን እርሻ ካምፕ አታሳድሩት። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ በኩል የሆድ ማበጥ ካያችሁ ወባ ነው ብላችሁ መድኃኒት አትደጋግሙ። ምርመራውና ሕክምናው መተማ ሆስፒታልና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ካልታከመ ይገድላል።

9. መዝገብ

ጉዲፈቻ እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ የሚመዘገብ ወሳኝ ኩነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይህን ይደነግጋል። ፍርዱን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ሂዱ፤ ሳይዘገይ አስመዝግቡና የምስክር ወረቀቱን ውሰዱ። ልጁ ቀድሞ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው እዚያው ጠይቁ። ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ ስምና ዕድሜ የማይገጣጠም ተማሪ የሚንከራተተው በዚህ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራችሁ ላይም ስሙን አስገቡ።

10. የመጀመሪያዎቹ ወራት

ልጁ መጀመሪያ ትሑት ነው፤ ከዚያ ይለወጣል። እንጀራ ትራስ ሥር ይደብቃል፣ ይዋሻል፣ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል፣ «መልሱኝ» ይላል። ይህ የክፋት ምልክት አይደለም፤ ጸንታችሁ እንደሆነ እየለካ ነው። እንጀራ ከደበቀ ሌሊት የሚበላው ነገር በሚያውቀው ቦታ አስቀምጡለትና «ይህ ያንተ ነው» በሉት። አትምቱት። «እንመልስሃለን» የሚለውን ዛቻ በቀልድም አትናገሩት።

«እማዬ»፣ «አባዬ» በለኝ ብላችሁ አታስገድዱ። «እትዬ» እና «ጋሼ» ይበቃል። ምስጋናም አትጠብቁ። ሰፈርተኛው «እናንተ ባትኖሩ ምን ይሆን ነበር!» ሲል ልጁ እየሰማ ከሆነ ወሬውን አቋርጡ። ልጆች በጠብ ጊዜ «የማደጎ ልጅ» ብለው መስደባቸው አይቀርም፤ እንደሚሉት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ቤት ሲመጣ የሚለው እንዲኖረው።

ቶሎ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ለርእሰ መምህሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ንገሩ። ታሪኩ የእርሱ ነው፤ ለማን እንደሚናገር እርሱ ይወስናል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የራሳችሁ ልጆች ከሚሠሩት አይብለጥ። ሴት ልጅ ከሆነች፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ሲሞላት ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ ወይም ደንበኛ ይኖራል። ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት ሕገ ወጥ ነው፤ «ያሳደግናት እኛ ነን» የሚለው ቃል ይህን አይለውጠውም።

ማኅበራዊ ሠራተኞቹ ለክትትል ሲመጡ ልጁን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ቡና እስኪፈላ ብላችሁ አጠገባቸው አትቀመጡ። መንገዱ ተዘግቶ መምጣት ካልቻሉ እናንተ ደውላችሁ ስልኩን ለልጁ ስጡትና ውጡ።